የጨረር ሕክምናና የሰውነታችን ዘበኞች



በየገበያውና በየለቅሶ ቤቱ ስለ ካንሰር ሲወራ ሁለት አባባሎች አይጠፉም። አንደኛው «እርሱማ መድኃኒት የለውም» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ጨረር ከመቱትማ አበቃለት» የሚለው ነው። ሁለቱም ሰውን ከሕክምና ያርቃሉ። እኔ በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ልጽፍ ስነሣ በተለይ ሁለተኛውን መመርመር ወደድሁ፤ ምክንያቱም ጨረር በካንሰሩ ላይና ካንሰሩን በሚዋጋው በገዛ ሰውነታችን ኃይል ላይ ምን እንደሚያደርግ የተረዳ ሰው፣ ሊፈራ የሚገባውንና ሊፈራ የማይገባውን ለይቶ ያውቃልና ነው።

የነገሩን ፍሬ አስቀድሜ ልናገር። ጨረር የካንሰርን ሕዋስ ይገድላል፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ጨረር በሰውነት ዘበኞች ላይም ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን እንደሚሠራ ነው። በአንድ በኩል ተዘናግተው የነበሩትን ዘበኞች ይቀሰቅሳል፤ በሌላ በኩል ደግሞ እነዚያኑ ዘበኞች ይገድላል። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ሊቃውንት የሚደክሙት ቅስቀሳው እንዲበዛ፣ ጉዳቱ እንዲያንስ ለማድረግ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ማስታወሻዎች። ዓ.ም. ብዬ የጻፍሁት በሀገራችን አቆጣጠር ሲሆን ሌሎቹ ዘመናት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም አባቶቻችን «ነቀርሳ» የሚሉት ቃል ለሁለት በሽታዎች ያገለግላል። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። እኔ የምጽፍለት ግን ካንሰር የሚባለውን ነው፤ እርሱም ከታማሚው ጋር አብሮ በመብላትና በመቀመጥ አይተላለፍም።

ዘበኞቹ እነማን ናቸው?

በደማችን ውስጥ ቀይና ነጭ ሕዋሳት አሉ። ቀዮቹ ኦክሲጅንን ያመላልሳሉ፤ ነጮቹ ግን ወታደሮች ናቸው። ከነጮቹ መካከል ለጉዳያችን ዋነኞቹ ሊምፎሳይት የሚባሉት ናቸው። የሚፈጠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ከእነርሱም አንዱ ወገን ከደረት አጥንት በስተኋላ በምትገኝ ታይመስ በምትባል እጢ ውስጥ ስለሚሠለጥን «ቲ ሕዋስ» ተብሎ ይጠራል። ሥልጠናውን ከጨረሰ በኋላ በደም ውስጥ ይዘዋወራል፤ በንፍፊቶችም ውስጥ ይሰፍራል። እግራችን ሲቈስል ብሽሽታችን ላይ የሚያብጠውና የሚያመን ንፍፊት እንግዲህ የወታደሮች ሰፈር ነው፤ ያበጠውም ወታደሮቹ ለዘመቻ ስለ ተሰበሰቡ ነው።

ቲ ሕዋስ ጠላትን የሚያውቀው እንዴት ነው? አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ ከቆላው በአልዩ አምባ በኩል የሚወጣ ነጋዴ በኬላ ላይ ሳይፈተሽ አያልፍም ነበር። በሰውነታችን ውስጥም ተመሳሳይ ሥርዓት አለ። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች ቍርጥራጭ በውጭ ገጽታው ላይ አውጥቶ ያሳያል። ቲ ሕዋሱ እየዞረ ይፈትሻል። ያየው ነገር የተለመደ ከሆነ ያልፋል፤ እንግዳ ነገር ካየና የዘመቻ ትእዛዝ ደርሶት ከሆነ ግን ሕዋሱን ይገድላል።

ካንሰር ለዚህ ፍተሻ የሚያስቸግረው ከውጭ የመጣ ወራሪ ባለመሆኑ ነው። የገዛ ሰውነታችን ሕዋስ በውርስ መጽሐፉ፣ ማለትም በዲ.ኤን.ኤው ውስጥ በተፈጠረ ስሕተት ምክንያት ያለ ልክ መባዛት ሲጀምር ካንሰር ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ እንደ ቤት ሌባ ነው፤ መልኩ የቤተ ሰብ ነው፤ ውሻውም አይጮኽበትም። በዚህ ላይ ደግሞ ሦስት ዓይነት ተንኰል ያውቃል። 1ኛ/ በገጽታው ላይ ሊያሳይ የሚገባውን ምልክት ይደብቃል። 2ኛ/ የቲ ሕዋስን ፍሬን የሚይዝ ፒዲ-ኤል-1 የሚባል ፕሮቲን ያወጣል። 3ኛ/ ሌሎቹን ዘበኞች ዝም የሚያሰኙ ሕዋሳትን በዙሪያው ይሰበስባል።

ቢሆንም ዘበኞቹ ካንሰርን ጨርሶ አይታገሉም ማለት አይደለም። ለዚህ ማስረጃው ዘበኞቹ በተዳከሙባቸው ሰዎች ላይ የሚታየው ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለባቸው ሴቶች በማሕፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ ነው። ኤች.አይ.ቪ. የሚያጠቃው ከቲ ሕዋሳት መካከል አዛዦቹን ነው። አዛዥ በሌለበት ዘመቻ የለም።

ጨረርና ዘበኞች እንዴት ተራርቀው ኖሩ

የጨረር ታሪክ ለእኛ በቀላሉ የሚታወስ ዘመን አለው። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን በቩርትስቡርግ ከተማ ኤክስሬይን ያገኘው በኅዳር 1895 ነው፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሰሜን የዘመቱበት ዓመት ነው። ይባስ ብሎ የሚያስደንቀው፣ ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤክሬል ከዩራኒየም ጨው ጋር በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት የነበረውን የፎቶግራፍ ሳህን አጥቦ የተፈጥሮን ጨረር ያየው መጋቢት 1 ቀን 1896 ነው። ይህች ቀን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ማለት የዓድዋ ጦርነት ዕለት ናት። በ1898 ማሪ ኪዩሪና ባለቤቷ ፒየር ራዲየምን አገኙ። ኤክስሬይ ከተገኘ ገና ዓመት ሳይሞላው ሐኪሞች በካንሰር ላይ መሞከር ጀምረው ነበር።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በ1891 ዊልያም ኮሊ የሚባል የኒው ዮርክ ቀዶ ሐኪም በሌላ መንገድ ጀምሮ ነበር። ኮሊ አንድ የካንሰር በሽተኛ በቆዳ ላይ የሚወጣ ብርቱ ኢንፌክሽን ይዞት ከዳነ በኋላ እብጠቱም እንደ ጠፋለት ተረዳ። ስለዚህ ባክቴሪያ እየወጋ የሰውነትን ኃይል በካንሰር ላይ ለመቀስቀስ ሞከረ። አንዳንዶቹ በሽተኞች ተሻላቸው። ነገር ግን የኮሊ መንገድ አደገኛና ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቅ ነበር፤ የጨረር ውጤት ግን የሚለካና ቶሎ የሚታይ ነበር። ስለዚህ ዓለም ወደ ጨረር ዞረ፤ የኮሊም ሐሳብ ለብዙ ዘመን ችላ ተባለ። ጨረርም እንደ እሳት ብቻ ተቈጠረ፤ በወደቀበት ቦታ ያቃጥላል፣ ከዚያ ውጭ ግን ምንም አይሠራም ተባለ።

ይህን አስተያየት ያናወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ፣ በ1953 ሞል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በአንድ ቦታ ላይ የተሰጠ ጨረር ጨረሩ ባልነካው ሩቅ ቦታ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ «አብስኮፓል» ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም «ከዒላማው ውጭ» እንደ ማለት ነው። ለምሳሌ በሳንባ ላይ ያለ እጢ ጨረር ሲያገኘው ጨረር ያላገኘው የጉበት እጢ አብሮ ሲቀንስ ማለት ነው። ነገሩ እጅግ በጣም አልፎ አልፎ የሚታይ ስለ ሆነ ብዙዎች እንደ ተአምር አይተው አለፉት።

ሁለተኛው በ1979 በአሜሪካ ሀገር በአይጦች ላይ የተደረገ ምርመራ ነው። ተመራማሪዎቹ ተመሳሳይ ዕጢ ያለባቸውን አይጦች በሁለት ወገን ከፈሏቸው፤ የአንደኛው ወገን ቲ ሕዋሳት ደኅና ሲሆኑ የሁለተኛው ግን የተዳከሙ ነበሩ። ከዚያ የእያንዳንዱን ወገን እኩሌታ ለማዳን ምን ያህል ጨረር እንደሚያስፈልግ ለኩ። ጨረር የሚለካው ግሬይ በሚባል መስፈሪያ ነው። ዘበኞቻቸው ደኅና ለሆኑት 30 ግሬይ ሲበቃ፣ ዘበኞቻቸው ለተዳከሙት ግን 64 ግሬይ ተኩል ያህል አስፈለገ። ጨረሩ ያው ነው፤ ዕጢውም ያው ነው፤ ልዩነቱ ዘበኛ መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ነው። እንግዲህ ጨረር ብቻውን እንደማይዋጋ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ጨረር ዘበኞቹን እንዴት ይቀሰቅሳል?

ጨረር ወደ ሕዋስ ሲገባ ዋና ዒላማው ዲ.ኤን.ኤ ነው። ዲ.ኤን.ኤ እንደ ተገመደ ገመድ ሁለት ዘርፍ አለው። አንዱ ዘርፍ ቢበጠስ ሕዋሱ በቀላሉ ይጠግነዋል፤ ሁለቱም በአንድ ቦታ ከተበጠሱ ግን ጥገናው ያስቸግራል። የካንሰር ሕዋስ ብዙውን ጊዜ ለጥገና ሰነፍ፣ ለመባዛት ግን ችኩል ነው። ስለዚህ የተበጠሰውን ሳይጠግን ለመከፈል ሲሞክር ይሞታል።

የሚገርመው አሟሟቱ ነው። ሕዋሳት በየቀኑ በሰውነታችን ውስጥ በጸጥታ ይሞታሉ፤ ማንም ልብ አይላቸውም። በጨረር የተመታ የካንሰር ሕዋስ ግን ብዙ ጊዜ እየጮኸ ነው የሚሞተው። ጩኸቱም እንዲህ ነው።

ሀ/ የተሰባበረው ዲ.ኤን.ኤ ከተለመደው ማደሪያው ከኒውክሊየስ ወጥቶ ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ይፈስሳል። በዚያ ቦታ ዲ.ኤን.ኤ መገኘቱ ለሕዋሱ ቫይረስ የገባ ያህል ነው። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ደወል ይደወላል፤ ኢንተርፌሮን የሚባል ቅመምም ይረጫል። ኢንተርፌሮን ዘበኞችን ይጠራል።

ለ/ በውስጥ ተደብቆ ይኖር የነበረ ካልሬቲኩሊን የሚባል ፕሮቲን ወደ ሕዋሱ ገጽታ ይወጣል። ይህም ለጠራጊ ሕዋሳት «ኑ፣ ብሉኝ» የሚል ምልክት ነው።

ሐ/ ጨረሩን ተቋቁመው የቀሩት የካንሰር ሕዋሳት እንኳ ደብቀውት የነበረውን የመታወቂያ ምልክት በገጽታቸው ላይ አብዝተው ማሳየት ይጀምራሉ። የኬላው ፈታሽ እንግዲህ የሚያየው ነገር አገኘ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ዴንድሪቲክ የሚባሉ መልእክተኛ ሕዋሳት የሞተውን ካንሰር ቍርጥራጭ አንሥተው በአቅራቢያ ወዳለው ንፍፊት ይሄዳሉ። በዚያም ለቲ ሕዋሳት «ጠላታችሁ ይህን ይመስላል» ብለው ያሳያሉ። መልኩን የሚያውቁ ቲ ሕዋሳት ይባዛሉ፤ በደም ውስጥ ወጥተው ያንን መልክ በሰውነት ሁሉ ይፈልጋሉ። አብስኮፓል የተባለው ነገር ምሥጢሩ ይህ ነው። ሩቅ ያለውን እጢ ያገኘው ጨረሩ ሳይሆን በጨረሩ የተቀሰቀሱት ዘበኞች ናቸው።

ጨረር ዘበኞቹን እንዴት ይጎዳል?

እስካሁን የተናገርሁት ደስ የሚያሰኘውን ወገን ነው፤ አሁን ሌላውን ወገን ልናገር። በሰውነታችን ውስጥ ካሉ ሕዋሳት ሁሉ ጨረርን ለመቋቋም እጅግ ደካሞቹ ሊምፎሳይቶች ናቸው። ሌሎቹን ሕዋሳት ብዙ በማይጎዳ ትንሽ ጨረር ይሞታሉ። ጨረሩ በሚወርድበት ደቂቃ በዚያ በኩል የሚያልፈው ደም እነርሱን ይዞ ያልፋልና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያልቃሉ። ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ንፍፊቶች ወይም የአጥንት መቅኔ ያሉበት ከሆነ ጉዳቱ ይጨምራል። በአዋቂ ሰው ላይ ደም የሚፈጥረው መቅኔ በብዛት የሚገኘው በዳሌ፣ በጀርባና በደረት አጥንቶች ውስጥ ነው። የማሕፀን በር ካንሰር በሚታከምበት ጊዜ የዳሌ አጥንት ከጨረር ማምለጥ ስለማይችል የበሽተኛይቱ ነጭ ሕዋሳት መቀነሳቸው የሚጠበቅ ነው። ሐኪሞች በሕክምናው ወራት ደም እየቀዱ የሚቈጥሩት ስለዚህ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። ጨረሩ የቈሰለውን ቦታ እንዲጠገን የሚያደርጉ ቅመሞችን ያስነሣል። ከእነዚህም አንዱ ቲ.ጂ.ኤፍ.-ቤታ የሚባለው፣ ቍስልን ለማዳን ቢጠቅምም ዘበኞችን ያቀዘቅዛል። ኢንተርፌሮንም ራሱ ዘበኞችን ሲጠራ ካንሰሩ ያንን የፍሬን ፕሮቲን አብዝቶ እንዲያወጣ ያደርገዋል። ስለዚህ ደወሉ ተደውሎ ዘበኛው መጥቶ በር ላይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። አብስኮፓል እንደ ተአምር የሚቈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ጨረሩን በአንድ ጊዜ በብዛት ቢሰጡስ? ይህም መልስ አግኝቷል። በ2017 በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ በአንድ ጊዜ የተሰጠ 20 ግሬይ ዘበኞቹን ሳይቀሰቅስ ቀረ፤ 8 ግሬይ ሦስት ጊዜ ሲሰጥ ግን ቀሰቀሰ። ምክንያቱም ጨረሩ በአንድ ጊዜ ሲበዛ ሕዋሱ ትሬክስ-1 የሚባል ኤንዛይም አውጥቶ የፈሰሰውን ዲ.ኤን.ኤ ይጠርገዋል፤ ደወሉም ሳይደወል ይቀራል። እንግዲህ በጨረር ነገር መብዛት ሁልጊዜ መልካም አይደለም። መጠን አለው፤ ጊዜ አለው።

ሁለቱን ማስታረቅ

የቲ ሕዋሳትን ፍሬን መልቀቅ እንደሚቻል ያሳዩት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ፍሬን የሚለቁ መድኃኒቶች ከተገኙ በኋላ «ከጨረር ጋር ቢሰጡስ?» የሚለው ጥያቄ ተነሣ።

በ2012 ስለ አንዲት ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ስለ ነበረባት ሴት በሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። ፍሬን የሚለቅ መድኃኒት እየወሰደች ሳለ በሽታዋ ቀስ በቀስ ይጨምር ነበር። በጀርባ አጥንቷ አጠገብ የነበረው እጢ ሕመም ስለ ሆነባት ለእርሱ ብቻ በሦስት ጊዜ 28 ግሬይ ተኩል ተሰጣት። ከወራት በኋላ ግን በጣፊያዋና በደረቷ ውስጥ የነበሩት፣ ጨረር ያልነካቸው እጢዎች ጭምር ቀነሱ። በደሟም ውስጥ የተቀሰቀሱ ዘበኞች ምልክት ተገኘ።

የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም፤ ስለዚህ በብዙ ሰዎች ላይ ተመረመረ። በሳንባ ካንሰር ለተያዙና ጨረርና ኬሚካል መድኃኒት ለጨረሱ ሰዎች ዱርቫሉማብ የሚባለው ፍሬን የሚለቅ መድኃኒት ሲጨመርላቸው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከ100 ሰው 43 ያህል ሆኑ፤ መድኃኒቱን ካላገኙት መካከል ግን 33 ነበሩ። ለሀገራችን ሴቶች ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ በ1,060 የማሕፀን በር ካንሰር በሽተኞች ላይ የተደረገውና ውጤቱ በ2024 የታተመው ምርመራ ነው። ከጨረሩ ጋር ፔምብሮሊዙማብ የተጨመረላቸው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ከ100 ሴቶች 83 ያህሉ በሕይወት ነበሩ፤ ካልተጨመረላቸው ደግሞ 75 ያህሉ።

ነገር ግን እውነቱ ሁሉ ይነገር ከተባለ፣ ያልተሳኩም አሉ። በዚያው በማሕፀን በር ካንሰር ላይ በዱርቫሉማብ የተደረገው ምርመራ የተጠበቀውን ውጤት አላሳየም፤ በራስና በአንገት ካንሰር ላይም በሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት የተሞከረው አልተሳካም። መድኃኒቱ ከጨረሩ በፊት፣ አብሮ ወይስ በኋላ ይሰጥ? ንፍፊቶቹ ጨረር ይንኳቸው ወይስ ይዳኑ? ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ እጅ የሚቀሰቅሱትን ዘበኛ በሌላ እጅ እንዳይገድሉት ነው።

በሀገራችንና በአውራጃችን

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1997 በኮባልት-60 መሣሪያ ተጀመረ። ለብዙ ዓመታትም ለመላ ሀገሪቱ ያለው ጣቢያ እርሱ ብቻ ስለ ነበር በሽተኞች ተራ ለማግኘት ብዙ ወራት ይጠብቁ ነበር። የዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2022 እንደ ገመተው በሀገራችን በዓመት ወደ 80,000 የሚጠጉ ሰዎች በአዲስ በካንሰር ይያዛሉ፤ ከሴቶች መካከል የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው።

ስለ ኮባልት አንድ ሒሳብ ከፊዚክስ ትምህርታችን ልጥቀስ። የኮባልት-60 ኃይል በየ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ በእኩሌታ ይቀንሳል። ኮባልቱ አዲስ ሳለ አንድን ሰው ለማከም 2 ደቂቃ ይበቃ ከነበረ፣ ከ5 ዓመት ከ3 ወር በኋላ 4 ደቂቃ፣ ከ10 ዓመት ተኩል በኋላ 8 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮባልቱ በጊዜው ካልተለወጠ ሰልፉ እየረዘመ ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ በአዲስ አበባም በጅማም ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው መሣሪያ ሥራ ጀምሯል። ይህ መሣሪያ ጨረሩን በኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር እንደ ኮባልት አይደክምም፤ የማይቋረጥ መብራትና የሠለጠነ መሐንዲስ ግን ይሻል። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ሌላ ጠባይም አለው፤ ጨረሩን ከእጢው ቅርጽ ጋር አስማምቶ ማሳረፍ ስለሚቻል መቅኔውንና ንፍፊቶቹን፣ ማለት የዘበኞቹን ሰፈር፣ በተሻለ መንገድ ማትረፍ ይቻላል።

ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች ቅርቡ የጨረር ጣቢያ አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንኮበር ደግሞ ከዚያ ይርቃል። መንገዱ አይደለም ችግሩ። የማሕፀን በር ካንሰር ሕክምና በውጭ የሚሰጠው ጨረር ብቻ በተለመደው ሥርዓት 25 ጊዜ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ቢቈጠር አምስት ሳምንት ማለት ነው። ከዚያም በውስጥ የሚሰጥ ጨረር ይከተላል። ሐኪሞች ሁሉም በ8 ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ ያዝዛሉ። አንዲት የገጠር እናት በገብስ አጨዳ ወራት ልጆቿንና ከብቶቿን ለጎረቤት ትታ፣ በማታውቀው ከተማ ቤት ተከራይታ ሁለት ወር ትቀመጣለች ማለት ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ወይም ናፍቆቱ ሲበረታ፣ ወይም ሕመሙ ትንሽ ቀለል ሲል «ተሽሎኛል» ብሎ አቋርጦ መመለስ ይመጣል።

እስካሁን ያልሁትን ሁሉ የጻፍሁት ይህ ማቋረጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው። ሕክምናው ሲቋረጥ የተረፉት የካንሰር ሕዋሳት እንደ ገና መባዛት ይጀምራሉ፤ እንዲያውም ይፈጥናሉ። ዘበኞቹ ደግሞ በጨረሩ ቀንሰው ያሉበት ጊዜ ነው። ጠላት ያገገመበት፣ ዘበኛ ግን ያነሰበት ወቅት ይሆናል። በሽተኛይቱ የጨረሩን ጉዳት ተቀብላ ጥቅሙን ሳታገኝ ትመለሳለች፤ ከዚያም ጎረቤት «ጨረሩ ገደላት» ይላል። የገደላት ግን መዘግየቱና ማቋረጡ ሊሆን ይችላል።

ለቤተ ሰቦቻችን የምንናገረው

ተማሪ የሆንን ሁሉ ከዚህ ትምህርት ወደ ቤታችን የምንወስደው ጥቂት ምክር አለ።

1ኛ/ በጨረር መሣሪያ ከውጭ የታከመ ሰው ጨረር ይዞ ወደ ቤት አይመጣም። መሣሪያው ሲጠፋ ጨረሩም ያበቃል። አብሮት መብላትና ልጅ ማቀፍ አያስፈራም።

2ኛ/ በሕክምናው ወራት ትኵሳት ቢመጣ እንደ ተራ ምች ቈጥሮ መተው አይገባም። ዘበኞቹ ስላነሱ ትንሹ ኢንፌክሽን ይበረታልና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም ለጊዜው ይቅር።

3ኛ/ ጠበል መጠመቅና ሐኪም ቤት መሄድ የሚጣሉ አይደሉም። ጠበሉን እየተጠመቁ የሐኪሙን ቀጠሮ ማክበር ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም።

4ኛ/ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ የማይድን ቍስል፣ በጡት ላይ የተገኘ እብጠት፣ ያለ ጊዜው የሚፈስስ ደም ሊደበቅ አይገባም። እጢው ትንሽ ሳለ ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ ይጠብባል፤ በመንገድ የሚሞቱት ዘበኞችም ያንሳሉ።

5ኛ/ ዘመድ የሆነ ሰው የበሽተኛውን 25 ቀናት ይቍጠር። እንደ ዕድር ወረፋ ገብቶ አንዱ ቤት ቢጠብቅ፣ አንዱ ለማደሪያ ቢያዋጣ፣ አንዱ አዲስ አበባ ቢያስጠጋ፣ ሕክምናው አይቋረጥም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ዘበኞቹን ካንሰሩ ሳይመጣ ማሠልጠን ነው። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤች.ፒ.ቪ. የሚባል ቫይረስ ነው፤ መከላከያ ክትባቱም በሀገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ዕድሜያቸው 14 ለሆነ ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ መሰጠት ጀመረ። የእኛ ዕድሜ እኅቶቻችን ብዙዎቹ ወስደውታል። ታናናሾቻቸው እንዳይቀሩ ወላጆች ይጠንቀቁ። ክትባት ማለት ለዘበኛው የጠላቱን መልክ አስቀድሞ ማሳየት ነውና፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ በጥቁር አንበሳ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሱት፣ የጨረሩን መጠን የሚያሰሉትና ደም የሚቈጥሩት ሰዎች እንደ እኛ በአንድ ወቅት በዴስክ ላይ ተቀምጠው ፊዚክስና ባዮሎጂ የተማሩ ናቸው። ሐኪም ብቻ ሳይሆን የጨረር መለኪያ የሚያውቅ የፊዚክስ ሰው፣ መሣሪያ የሚጠግን መሐንዲስ፣ የታመመን የሚያስታምም ነርስ ለዚህ ሥራ ያስፈልጋሉ። የሰሜን ሸዋ እናት ለ25 ቀን ሕክምና ሁለት ወር ከቤቷ የማትለይበት ዘመን የሚመጣው ከእኛ መካከል እነዚህ ሲወጡ ነው።